ደረቅ ካውያና የእንፋሎት ካውያ፤ ለድርብ ስፌት የትኛው ይበጃል?

ከአዲስ አበባ መርካቶ ዕቃ እየገዙ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ እምድብርና ወደ ጉንችሬ የሚያወርዱ ነጋዴዎች የኤሌክትሪክ ካውያ ሲጠይቁ ሁለት ዓይነት ይቀርብላቸዋል። አንደኛው ውኃ የማይጨመርበት፣ የታችኛው ገጹም ምንም ቀዳዳ የሌለው ደረቅ ካውያ ነው። ሁለተኛው በውስጡ ውኃ ይዞ በገጹ ቀዳዳዎች ትኩስ እንፋሎት የሚያወጣው ነው። ይህ ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ያለ፣ መልኩም ያማረ ስለ ሆነ፣ የተሻለ ዕቃ መሆኑን ብዙ ሰው ሳይጠራጠር ይቀበላል። በቤቱ ሸሚዝና ቀሚስ ለሚተኩስ ሰው ይህ ግምት ብዙም አያሳስትም። ካውያውን የሚገዛው ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ይልቁንም ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ በድርብ የሚሰፋ ባለሙያ ሲሆን ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል።

ድርብ ስፌት የሚባለው የላይኛው ጨርቅ፣ በመሐል የሚገባው የጥጥ ወይም የፋይበር ሙሌትና ከታች የሚነጠፈው ገበር በአንድነት ተይዘው፣ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ሲመላለስባቸው የሚወጣው ወፍራም ሥራ ነው። የአልጋ ልብስ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ የትራስ ልብስና የብርድ ጃኬት በዚህ ዓይነት ይሠራሉ። ልብስን ደራርቦ መልበስ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ ሲሠራ የኖረ ነው። ነገር ግን ጋቢ ከሸማኔው እጅ በወርዱ የወጣ ረጅም ጨርቅ ታጥፎ የሚሰፋ እንጂ በመቀስ ከተቆራረጡ ትንንሽ ጨርቆች የሚገጣጠም ስላልሆነ ካውያ አይፈልግም። ከቁርጥራጭ የሚገጣጠመው የአልጋ ልብስ ግን ያለ ካውያ አይሆንም። በየስፌቱ መጨረሻ መተኮስ አለበት፤ አለዚያ መጋጠሚያው ያብጣል፣ ቀጥሎ የሚሰፋውም ጠማማ ይሆናል።

እዚህ ላይ በመተኮስና በመጫን መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ካውያውን ወዲያና ወዲህ እየገፋ መጨማደዱን ያጠፋል። የድርብ ስፌት ባለሙያ ግን ካውያውን አንሥቶ ያስቀምጣል፣ ጥቂት ያቈያል፣ መልሶም ያነሣል፤ አይጎትትም። ምክንያቱም በመቀስ የተቆረጠ ትንሽ ጨርቅ፣ በተለይም ክሩን በሰያፍ አቋርጦ የተቆረጠ ከሆነ፣ በቀላሉ ይለጠጣል። ሙቀትና እርጥበት በአንድነት ሲያገኙት ደግሞ የጥጥ ክር ይለሰልስና ወደ ተገፋበት ይሄዳል፤ ሲደርቅም በዚያው በተለጠጠበት መልክ ይቀራል። የእንፋሎት ካውያ የሚያመጣው ይህንኑ ነው። ጉዳቱ በአንድ ቁራጭ ላይ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ሁለት ሜትር ርዝመት ላለው የአልጋ ልብስ አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር የሆኑ 20 ቁራጮች በአንድ ረድፍ ቢገጣጠሙና እያንዳንዱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለጠጥ፣ ረድፉ ከጎረቤቱ በአራት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ያን ጊዜ ሰፊው ወይ ይፈታዋል፣ ወይ አጨማዶ ይሰፋዋል። የደንበኛውን ጨርቅ ያበላሸ ሰፊ ደግሞ ዋጋውን ከራሱ ኪስ መክፈሉ የታወቀ ነው።

የቀዳዳዎቹም ነገር ሊታለፍ አይገባም። የእንፋሎት ካውያ ገጽ ቀዳዳ ባለበት ቦታ ጨርቁን አይነካውም፤ ስለዚህ ሙቀቱ እኩል አይደርስም። በስስ ጨርቅ ላይ የቀዳዳው ምልክት ታትሞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የቁራጩም ሹል ጫፍ በቀዳዳው ተይዞ ይታጠፋል። ለኮሌታና ለእጅ ጫፍ ማጠንከሪያ የሚሆነው በአንድ ፊቱ ሙጫ ያለበት ጨርቅ ሲለጠፍ ችግሩ ጎልቶ ይታያል፤ ሙጫው የሚቀልጠው ሙቀት በደረሰበት ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሙቀት ያልደረሰው ቦታ ከታጠበ በኋላ ተላቅቆ እንደ ፊኛ ያብጣል። አንዳንድ ሻጮች «ውኃ ሳይጨምሩ እንደ ደረቅ ይጠቀሙበት» ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ከምንም ይሻላል፤ ቀዳዳው ግን በቦታው እንዳለ ነው፣ በውስጡ የቀረው ጥቂት ውኃም ባልታሰበ ሰዓት ጠብ ይላል።

ለገጠር ከተማ ነጋዴ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው የኃይሉ ሒሳብ ነው። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 1,000 ዋት የሆነ ደረቅ ካውያ ከዚህ መስመር 4.5 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ 2,000 ዋት የሆነ የእንፋሎት ካውያ ወደ 9 አምፔር ይጠጋል። ሆኖም ዋናው ነገር ፍጆታው ሳይሆን ኃይሉ የት እንደሚሄድ ነው። ውኃን እንፋሎት ማድረግ እጅግ ብዙ ኃይል የሚበላ ሥራ ነው። በደቂቃ 20 ግራም እንፋሎት የሚያወጣ ካውያ፣ ውኃውን ከተራ ሙቀት አንሥቶ እንፋሎት እስኪያደርግ ድረስ ብቻ 860 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። ካውያው 1,200 ዋት የተጻፈበት ቢሆን፣ ጨርቁን ለማሞቅ የሚተርፈው ከ340 ዋት አይበልጥም።

እንግዲህ የመስመሩ ኃይል ቀነሰ እንበል። አምፑል ሲደበዝዝ፣ ማታ ሁሉም መብራትና ምድጃ በአንድ ጊዜ ሲከፈት፣ ከትራንስፎርመር ርቆ ባለ ሱቅ ውስጥ 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሊወርድ ይችላል። የካውያ ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል ሳይሆን ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቱ በአምስት እጅ አንዱን ያህል ሲቀንስ ኃይሉ በሦስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። 1,200 ዋት የነበረው ወደ 800 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። ይህም ለእንፋሎቱ ብቻ ከሚያስፈልገው 860 ዋት ያንሳል። በዚህ ጊዜ ገጹ ይቀዘቅዛል፣ ውኃውም እንፋሎት መሆኑ ቀርቶ ትኩስ ጠብታ እየሆነ በጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። ገዢው ካውያው የተበላሸ መስሎት ወደ ሱቁ ይመልሰዋል፤ ባለሱቁም ወደ መርካቶ ይመልሰዋል፤ ዕቃው ግን ምንም አልሆነም። በዚያው መስመር ላይ የተሰካው የ1,000 ዋት ደረቅ ካውያ ኃይሉ ወደ 670 ዋት ቢወርድም፣ የሚያሞቀው ብረቱንና ጨርቁን ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ዘግይቶ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ይደርሳል።

ከዚህ ጋር የሙቀት መቆጣጠሪያው ነገር ይያያዛል። በልብስ ላይ በሚለጠፈው የአያያዝ ምልክት በካውያው ሥዕል ውስጥ አንድ ነጥብ ሲኖር ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሁለት ነጥብ ሲኖር ከ150፣ ሦስት ነጥብ ሲኖር ከ200 እንዳይበልጥ ያዛል። ብዙዎቹ የእንፋሎት ካውያዎች ደኅና አድርገው እንፋሎት የሚሰጡት ከሁለት ነጥብ በላይ ሲሆኑ ነው። ናይሎንና እርሱን የመሰለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን የሚፈልገው ዝቅተኛውን ነው። የፋይበር ሙሌትም ብዙ ሙቀትና ክብደት ካረፈበት ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ብልህ ሰፊ የላይኛውን ጨርቅ ሙሌቱ ከመግባቱ በፊት ጭኖ ይጨርሳል።

የውኃውም ጉዳይ አለ። ከጕድጓድ የሚወጣ ውኃ ብዙ ጊዜ ኖራ አዘል ነው። ውኃው ተንኖ ሲሄድ ኖራው በካውያው ውስጥ ይቀራል፣ ቀስ በቀስም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሲፈነቀልም ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ በጨርቅ ላይ ይወርዳል። ንጹሕ የዝናብ ውኃ ከዚህ ጣጣ ነፃ ስለ ሆነ፣ የእንፋሎት ካውያ የገዛ ሰው በክረምት ማጠራቀሙ አይከፋም። ለደረቅ ካውያ ግን ይህ ሁሉ አያሳስብም። እርጥበት የሚያስፈልገው ግትር መጋጠሚያ ሲገጥመው ሰፊው ንጹሕ ጨርቅ አርጥቦ፣ ጨምቆ፣ በላዩ አልብሶ ይጭነዋል፤ እንፋሎቱ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ፣ በሚፈለገው መጠን ብቻ ይመጣል። በአፉ ውኃ ይዞ እንደ ጤዛ የሚረጨውም አለ፤ ለደንበኛ ዓይን ባያምርም ሥራው ይሠራል።

በጉራጌ ከተሞች በሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ይህን ትምህርት ከሌላ አልተበደረም፤ እጁ የሠለጠነበት የከሰል ካውያ ራሱ ደረቅ ካውያ ነው። ክብደቱ ጥሩ ነው፣ ገጹ ሙሉ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ሥራ አያስቆምም። ጉድለቱ ሙቀቱን በእጅና በልምድ እንጂ በቁጥር ማስተካከል አለመቻሉ፣ አመዱ ነጭ ጨርቅ ማቈሸሹ፣ ከሁሉም በላይ ጭሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድል መሆኑ ነው። በክረምት በርና መስኮት ዘግቶ በከሰል ካውያ መሥራት ፈጽሞ አይገባም። ቢሆንም ነጋዴው ከመደርደሪያው ሊያወርደው አይገባም። የጉራጌ ሕዝብ ከየተበተነበት ወደ አገሩ የሚገባው ለመስቀልና ለአረፋ በመሆኑ፣ የልብስ ሰፊው ሥራ የሚከማቸው በእነዚሁ በዓላት ዋዜማ ነው። መስቀል መስከረም 17 ቀን ሲሆን ለሰፊው ሥራ የሚበዛው በክረምቱ ማለቂያ፣ መብራትም በማይታመንበት ወቅት ነው። ለእንደዚህ ያለው ሳምንት ደረቅ የኤሌክትሪክ ካውያ በቀኝ፣ የከሰል ካውያ በግራ ይዞ የተቀመጠ ሰፊ ደንበኛውን አያሳፍርም።

የእንፋሎት ካውያ ጥቅም የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው። የሱፍ ኮትና ሱሪ ለሚሰፋ ሰው እንፋሎት ዋና ረዳት ነው፤ ሱፍ በእርጥብ ሙቀት ቅርጽ ይይዛል፣ በደረቅ ሙቀት ግን ያብለጨልጫል። ለልብስ ንጽሕና መስጫና ለሆቴልም እንደዚሁ ነው። በታሪክም ቢታይ ደረቁ ካውያ ቀዳሚ ነው፤ የኤሌክትሪክ ካውያ በአሜሪካ አገር በ1882 እ.ኤ.አ. ለሄንሪ ሲሊ የፈጠራ መብት ሲሰጥበት፣ እንፋሎት የሚያወጣው ዓይነት በኒው ዮርክ ለገበያ የወጣው በ1926 እ.ኤ.አ. ነበር። ኋላ የመጣው ፊተኛውን ከብዙ አገር መደርደሪያ ቢያስወጣውም፣ በዚያው በአሜሪካ ድርብ የአልጋ ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ቀዳዳ የሌለውን ካውያ ዛሬም ይፈልጋሉ።

ወደ አስመጪው ጉዳይ ስንመለስ፣ በዓለም አቀፉ የጕምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ ሁለቱም ካውያዎች በአንድ ቁጥር፣ በ8516.40 ይጠቃለላሉ። ስለዚህ በፕሮፎርማ ኢንቮይስ ላይ «የኤሌክትሪክ ካውያ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ ላኪው የፈለገውን ቢጭን ሰነዱ አይከለክለውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ዋጋ ያለ ቦታው የመጣ አንድ ካርቶን ካውያ የአስመጪውን ገንዘብ ለወራት አስሮ ይይዛል። በውሉ ላይ ገጹ ቀዳዳ የሌለው መሆኑ፣ 220 ቮልት፣ 1,000 ዋት፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው፣ ሁለት ክብ እግር ባለው ስፒና የተበጀ መሆኑና ክብደቱ ተለይቶ መጻፍ ይኖርበታል። በክብደት ረገድ ገበያው ላይ ቀላልና ከባድ ደረቅ ካውያ አለ፤ ቀላሉ ለቤት ሴቶችና ለተማሪ ይስማማል፣ ለሰፊ ግን ብረቱ ራሱ እንዲጫን ከባዱ ይመረጣል። መለዋወጫ ማሞቂያና ገመድ አብሮ ቢታዘዝ ደግሞ ቀላል ነው፤ ደረቅ ካውያ በውስጡ ከማሞቂያና ከመቆጣጠሪያ በቀር ብዙ ነገር ስለሌለው፣ በማንኛውም ከተማ ያለ ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ይፈታዋል።

የጉንችሬ ባለሱቅ ለሰፊዎች የሚያቀርበው አብዛኛው ደረቅ፣ ጥቂቱ እንፋሎት ቢሆን ገንዘቡ ቶሎ ይመለስለታል። ከጅምላ ሻጭ ሲረከብም ካውያውን ገልብጦ የማስመሪያ ጠርዝ በገጹ ላይ አጋድሞ ወደ ብርሃን ይመልከት፤ በመሐሉ ብርሃን ሾልኮ ከታየ ገጹ ጎድጓዳ ነውና ለሰፊ አይሸጠው።