የማይክሮዌቭ ምድጃ አደጋ ከጨረሩ ይልቅ በአጠቃቀም ጉድለት ላይ ያተኩራል

ማይክሮዌቭ በመባል የሚታወቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ በከተማ መኖሪያ ቤቶችና ሠራተኞች ምሳቸውን ይዘው በሚመጡባቸው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ሲሰጥ ይታያል። ስለ መሣሪያው ግን ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ጎን ለጎን ሲንጸባረቁ ይስተዋላል። አንዳንዶች ጨረሩ ምግቡን ይመርዛል በሚል ሲሸሹት፣ ሌሎች ደግሞ ነበልባል የሌለው በመሆኑ አደጋ አያደርስም በማለት ያለ ጥንቃቄ ይገለገሉበታል።

የመሣሪያው መነሻ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ቴክኖሎጂ ነው። የአሜሪካው ሬይቲዎን ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1945 ከራዳር መሣሪያ የሚወጣው ሞገድ ምግብ ማሞቅ እንደሚችል ተገነዘበ። በ1947 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ 1 ነጥብ 8 ሜትር ያህል ቁመትና 340 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት የነበረው ሲሆን፣ ለቤት ውስጥ አገልግሎት አመቺ የሆነው አነስተኛ ምድጃ በስፋት መታወቅ የጀመረው ከ1967 ወዲህ ነው።

በምድጃው ውስጥ የሚገኘው ማግኔትሮን የተሰኘ ክፍል በ2 ሺህ 450 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ ሞገድ ያመነጫል። ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች በፍጥነት እንዲወዛወዙ በማድረግ ሙቀት ይፈጥራል። ጨረሩ እንደ ኤክስሬይ የህዋሳትን ውስጣዊ አካል የሚሰባብር ዓይነት አይደለም። ምግቡም ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ምድጃው እንደጠፋም ሞገዱ ወዲያውኑ ይቋረጣል።

በአሜሪካ ከ1971 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ደንብ ምድጃው በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ከገጽታው በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚያፈተልከው ጨረር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊዋት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የጨረሩ መጠን ርቀት በጨመረ ቁጥር በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚደርሰው በ5 ሴንቲ ሜትር ከሚለካው አንድ መቶኛው ያህል ብቻ ነው። ይህ መከላከያ የሚሠራው ግን በሩ በትክክል ሲገጥም ነው። በመሆኑም በሩ የተጣመመ፣ ማጠፊያው የላላ ወይም የመዝጊያ ጠርዙ የተጎዳ ምድጃ እስኪጠገን ድረስ ከአገልግሎት ውጪ መሆን ይኖርበታል።

በተደጋጋሚ ጉዳት የሚያደርሰው ጨረሩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በንጹሕና ለስላሳ ብርጭቆ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሞቀ ውሃ የመፍያ ነጥቡን አልፎም የአረፋ ምልክት ላያሳይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስኳር ወይም የቡና ዱቄት ሲጨመርበት በድንገት ገንፍሎ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። ከማሞቅ በፊት የእንጨት ማንኪያ በውሃው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከሞቀ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሳይነኩ ማቆየት ችግሩን ይከላከላል። ወፍራም ሽሮም በተመሳሳይ መንገድ ስለሚፈነጣጠቅ፣ በየመሐሉ እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ ማሞቅ ይመከራል።

እንቁላል ልዩ ትኩረት ይሻል። ከነቅርፊቱ የገባ እንቁላል ብቻ ሳይሆን፣ ተቀቅሎና ተልጦ በዶሮ ወጥ ውስጥ የሚገኘውም በውስጡ በሚታመቀው እንፋሎት ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም አስቀድሞ መቆረጥ አለበት። የጡጦ ወተት በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ጡጦው ቀዝቀዝ ብሎ ወተቱ ግን በከፊል የሚያቃጥል ሊሆን ስለሚችል፣ የሕፃናትን ወተት በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማሞቁ ይመረጣል።

የብረት ምሳ ዕቃ፣ የቆርቆሮ ሳህን፣ የአልሙኒየም ፎይልና ወርቃማ ቅብ ያለው ሲኒ ብልጭታ ስለሚፈጥሩ ወደ ምድጃው መግባት የለባቸውም። ጋዜጣና ፌስታልም እንዲሁ። ለማይክሮዌቭ ተስማሚ መሆኑ ያልተገለጸ ፕላስቲክን ትቶ በብርጭቆ ወይም በሸክላ ሳህን መገልገል፣ ክዳኑንም በጥብቅ አለመዝጋት ይገባል።

ለመንግሥት ሠራተኛው ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ ምናልባት ምሳው ከመሞቁ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ከቤት የወጣ ምግብ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በጠረጴዛ ሥር ከቆየ 5 ሰዓታት ያልፉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓታት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በምግብ ውስጥ የሚተዉት መርዝ በሙቀት የማይጠፋ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ምግብ ማይክሮዌቭ አያድነውም። ምግቡ መሥሪያ ቤት እንደደረሰ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ሞገዱ በቀጥታ የሚደርሰው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ሲሞቅም አማስሎና ለ2 ደቂቃ ያህል አቆይቶ መሐሉ ጭምር በሚገባ መሞቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ መስመሩም ሊታሰብበት ይገባል። 1 ሺህ 300 ዋት የሚወስድ ምድጃ በ220 ቮልት 6 አምፔር ገደማ ይስባል። በመሆኑም ከውሃ ማፍያ ወይም ከሌላ ከባድ ዕቃ ጋር በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ሊሰካ አይገባም። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ተመልሶ ሲመጣ ሊከሰት ከሚችለው የኃይል መዋዠቅ ይጠብቀዋል። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡ ምድጃዎች ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን ስለማይለውጥ፣ በኢትዮጵያ የ50 ኸርዝ መስመር ላይ ከመጠን በላይ ሊግሉ ይችላሉ።

በምድጃው ውስጥ እሳት ከተነሳ በሩን መክፈት አየር በማስገባት እሳቱን ያባብሳል። በሩ እንደተዘጋ ምድጃውን ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል፣ እሳቱ ካልጠፋም በአዲስ አበባ ወደ 939 መደወል ይገባል። የተበላሸ ምድጃን በራስ መፍታት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። በውስጡ ያለው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከ2 ሺህ ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጥገናው ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ሊሰጥ ይገባል።

በመሥሪያ ቤቶች የጋራ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት የለውም። ንጽሕናውን፣ የበሩን ሁኔታና የመስመሩን ደህንነት በየጊዜው የሚከታተል ሠራተኛ መመደብና የተከለከሉ ዕቃዎችን ዝርዝር በአጠገቡ መለጠፍ ከፍተኛ ወጪ ሳይጠይቅ ሊከናወን የሚችል እርምጃ ነው።