ሐዲድ የሌለው የእንጦጦ መንገድ

በሌላው ዓለም ባቡር መሄድ ያቆመበትን መሥመር ለእግረኛና ለብስክሌት ነጂ መስጠት የተለመደ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር ከብሪስቶል እስከ ባዝ ያለው የ21 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ1979 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. የተሠራው በተዘጋ የባቡር መሥመር ላይ ነው። ባቡር ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ኮረብታ ቆርጦ፣ ሸለቆ ሞልቶ ያስተካከለው መሬት ሽማግሌም ሕፃንም ሳያለከልኩ የሚሄዱበት ነው።

የእኛ የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ለገሐር ላይ ቆመ እንጂ ወደ የካና ወደ እንጦጦ አልወጣም። ታዲያ የዚህን ተራራ ጭነት ያወረደው ማን ነው? የሴቶች ጀርባና አህያ ነዋ! ዐፄ ምኒልክ ማገዶ ቢያጥራቸው ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። አዲስ አበባን ካለችበት ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣልና። ቅጠሉንና ጭራሮውን ለየምድጃው ያደረሱት ግን እናቶች ናቸው፤ በኮረብታው ላይ የምናየውን ቀጭን መንገድ የጠረገውም እግራቸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የእግርና የብስክሌት መንገድ ተሠራለት። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ብስክሌት የሚነዳ ሰው ይጠንቀቅ፤ ከ3000 ሜትር በላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሲሦ ያህል የሳሳ ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ተመክቼ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ስንወጣ አንዲት እናት ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ይመጡ ነበር። ብስክሌት የያዘ አንድ ተማሪዬ ደጋግሞ ደወለ። ሴትዮዋ ግን ከሸክሙ የተነሣ አጎንብሰዋል፤ የሚያዩት የእግራቸውን ጫፍ ብቻ ነው። ቢቆሙም ሸክሙን እንደገና ማንቀሳቀስ ሌላ ፍዳ ነው።

«መምህር፣ መንገዱ የማን ነው?» አለኝ አንዱ።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ቢጠይቀኝ ረዘም ያለ መልስ እሰጠው ነበር። እዚያ ግን «ባዶ እጁን የሆነ ይልቀቅ» አልሁት። መንገድ የሚሠሩልን ሹማምንት ይህችኑ ቃል በየመታጠፊያው በሰሌዳ ቢጽፏት ብዙ ወጪ አትጠይቅም።

ባለብስክሌቱ ወርዶ ወደ ዳር ሆነና «ይለፉ፣ እማማ» አላቸው። ሴትዮዋም ቀና ሳይሉ «ተባረክ ልጄ» ብለው ወረዱ።