ቱሬት ሲንድረም ያለበትን ልጅ ጓደኞቹ እንዲረዱትና እንዲቀበሉት

በጉርድ ሾላ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሰበካ ከሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ጋር ስለ ልዩ ፍላጎት ሕፃናት በተወያየንበት ዕለት፣ አንዲት እናት ስብሰባው እስኪያበቃ ድረስ ደጅ ቆመው ጠበቁን። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ዓይኑን አጥብቆ ይጨፍናል፤ ትከሻውን ይሰብቃል፤ በየመካከሉም ከጉሮሮው አጭር ድምፅ ያወጣል። በሚማርበት ትምህርት ቤት «ተው» ተብሎ ተቀጥቷል። በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለሚስቁ በበሩ አጠገብ ለብቻው እንዲቀመጥ ተደርጓል። እናትና ልጅ በቀላል ባቡር ሲሳፈሩ የሰው ዓይን ስለከበዳቸው ከመድረሻቸው በፊት ወርደው በእግራቸው የሄዱባቸው ቀናት አሉ። እናቲቱ የጠየቁን አጭር ጥያቄ ነበር፦ «ዲያቆን፣ ምን በድዬ ነው?»

ይህ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ጌታችንም ኃጢአቱን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። ልጁ በኋላ በሐኪም ታይቶ ቱሬት ሲንድረም የተባለ የነርቭ ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው፣ እንዲህ ያለ ልጅ በየአጥቢያችን ሲገኝ ልጁን ከማረም ይልቅ በዙሪያው ያሉትን ልጆች ማስተማር እንደሚቀድም ለማስረዳት ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ጆርጅ ዢል ደ ላ ቱሬት ከተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም በ1885 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ሕሙማንን ተመልክቶ የጋራ ምልክታቸውን በጽሑፍ አቀረበ። ምልክቶቹ «ቲክ» ይባላሉ። ቲክ ድንገት የሚመጣ፣ የሚደጋገምና ከፈቃድ ውጭ የሆነ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ዓይን ማርገብገብ፣ ፊት ማጨማደድ፣ አንገት መስበር፣ ትከሻ መስበቅ ከእንቅስቃሴዎቹ ይቆጠራሉ። ጉሮሮ መጥረግ፣ አየር በአፍንጫ ደጋግሞ መሳብ፣ መጮኽ፣ ቃል መደጋገም ደግሞ ከድምፆቹ ናቸው። ሐኪሞች ቱሬት የሚሉት ከአንድ በላይ የእንቅስቃሴ ቲክና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ከ18 ዓመት በፊት ጀምረው ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆዩ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ይበረታል፤ ብዙዎቹ ልጆች ወደ ጉልምስና ሲቃረቡ ይቀልላቸዋል። በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ ሦስትና አራት እጥፍ ይታያል። መነሻው እንቅስቃሴን በሚቆጣጠሩ የአንጎል ክፍሎች አሠራር ላይ ያለ ልዩነት ሲሆን፣ በዘር የመውረድ ዝንባሌም አለው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የልጁን የማሰብ ችሎታ አይቀንስም፤ ከአስተዳደግ ጉድለትም አይመጣም። ብዙ ሰው ቱሬትን ከስድብ ጋር ያያይዘዋል። ነገር ግን ያለ ፈቃዱ ነውር ቃል የሚያመልጠው ከ10 ሕሙማን ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ያህል ብቻ ነው።

ለምን በስሕተት ይተረጎማል?

የቱሬት ሦስት ጠባያት መምህሩንም ካህኑንም ወላጁንም ያሳስታሉ።

አንደኛው፣ ልጁ ቲኩን ለጥቂት ጊዜ አፍኖ ሊይዘው መቻሉ ነው። ቲክ ከመምጣቱ በፊት ልጁ እንደ ማሳከክ ወይም ማስነጠስ እንደሚቃጣው ሰው ያለ ግፊት ይሰማዋል። በቅዳሴ ወይም በክፍል ውስጥ ተጨንቆ ያፍነውና ቤቱ ሲደርስ ይበረታበታል። በዚህም ምክንያት መምህሩ «እኔ ዘንድ ይተወዋል፤ እናቱ አሞላቅቃው ነው» ይላል፤ እናቱም «ትምህርት ቤት ምን ቢያደርጉት ነው?» ትላለች። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ የተሳሳቱት ከዚያ በወሰዱት ፍርድ ነው። ልጁ ሲያፍን የዋለበት ጉልበት ደግሞ ትምህርቱን ከሚከታተልበት ጉልበት ይቀነሳል።

ሁለተኛው፣ ሕመሙ በራሱ ጊዜ እየበረታና እየረገበ የሚሄድ መሆኑ ነው። ለሳምንታት ሊጠፋ፣ ከዚያም በሌላ መልክ ሊመለስ ይችላል። የእናቲቱ ልጅ ጸበል በተጠመቀ በሁለተኛው ሳምንት ቲኩ ቀንሶለት ቤተ ሰቡ ደስ ብሎት ነበር። ከወር በኋላ ሲመለስ ግን «እምነት ስላነሰህ ነው» ብለው ልጁን የወቀሱት ሰዎች ነበሩ። ሕመሙ የሚሄድበትን መንገድ ቢያውቁ ኖሮ በሕፃኑ ላይ ይህን ሸክም ባልጫኑበት ነበር።

ሦስተኛው፣ ድንገተኛው ድምፅና እንቅስቃሴ እንደ ርኩስ መንፈስ ሥራ ወይም እንደ ቡዳ መቆጠሩ ነው። ልጁ በሰው ፊት ተይዞ «ማን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ፍርሃትና ጭንቀት ደግሞ ቲክን ያበረታሉ። በዚህ ጊዜ የተጠረጠረው ነገር የተረጋገጠ ይመስላል። ጸሎትና ጸበል የእምነታችን ሀብት ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ግን አያግዱም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸውን እናስታውሳለን። ያ ትምህርት ለዚህም ልጅ ይሠራል።

ለልጆች እንዴት እንንገራቸው?

ልጆች የማያውቁትን ነገር ይፈሩታል ወይም ይስቁበታል። ምክንያቱን በቀላል ቃል ሲሰሙ ግን ብዙዎቹ ከአዋቂው ፈጥነው ይቀበላሉ። ሆኖም አነጋገሩ ሥርዓት ይፈልጋል።

መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቅ። እኛ በዚህ ተሳስተናል። የልጁን ሕመም ከእናቱ እንደሰማን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በእሱ ፊት አስረዳን። ሐሳባችን በጎ ቢሆንም ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ለሁለት ሳምንታትም አልመጣም። በኋላ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ምን እንዲነገር እንደሚፈልግና እሱ በቦታው ይኑር ወይስ አይኑር ብለንም ጠየቅነው። «እኔ ሳልኖር ንገሯቸው፤ እብድ አይደለም በሏቸው» አለን። እንደዚያው አደረግን። አንዳንዱ ልጅ ራሱ መናገር ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ምንም እንዲነገር አይፈልግም። ውሳኔው የልጁና የወላጆቹ ነው።

ቀጥሎ ልጆቹ በራሳቸው አካል ይሞክሩት። ለእያንዳንዱ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ሰጥተን፣ ጽፎ እስኪጨርስ ዓይኑን እንዳያርገበግብ አዘዝን። ጥቂት ቆይቶ የሁሉም ዓይን አነባ፤ ጽሕፈታቸውም ተንጋደደ። «ማርገብገቡን ለምን አልተዋችሁም?» ብለን ስንጠይቃቸው «አልቻልንም» አሉ። «ጓደኛችሁም እንዲሁ ነው» አልናቸው። ከዚያ በኋላ ረጅም ማብራሪያ አላስፈለገም። ስቅታ የያዘውን ሰው ማንም «ሆን ብለህ ነው» እንደማይለው ስንነግራቸውም ወዲያው ገባቸው።

ሦስተኛ፣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው በግልጽ ይነገራቸው። ቲኩ ሲመጣ ዞሮ አለማየት፣ የጀመሩትን ጨዋታ ወይም ንባብ መቀጠል፣ አለማስመሰል፣ «ተው» አለማለት ይገባል። ስለ ቲክ በልጁ ፊት ደጋግሞ ማውራት ራሱ ቲኩን ሊጠራው ስለሚችል፣ ጥያቄ ያለው ልጅ መምህሩን ለብቻው ይጠይቅ። የሚያሾፍ ሲገኝም ልጁ ራሱን እንዲከላከል አይተው፤ መምህሩ ጣልቃ ይግባ።

አራተኛ፣ ልጁ በሕመሙ ብቻ እንዳይታወቅ እንጠንቀቅ። ለማንቸስተር ዩናይትድና ለኤቨርተን የተጫወተው አሜሪካዊው በረኛ ቲም ሃዋርድ ቱሬት ያለበት ሰው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ቤልጅየምን ሲገጥሙ በአንድ ጨዋታ ከ10 በላይ ኳሶችን አድኗል። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው ወሬው ከሕመም ወደ ኳስ ዞረ፤ የእኛም ፍላጎት ይኸው ነበር።

ከሰበካው ምን ይጠበቃል?

በአገራችን ከሌላው ልጅ ለየት ያለ ጠባይ ያለው ሕፃን በር ሲዘጋበት ቆይቷል። ኦቲዝም ከቱሬት የተለየ ቢሆንም፣ አሁን በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ የመሠረቱት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ከተንከራተቱ በኋላ ነበር። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሕፃናት በጉዳታቸው ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለሉ ያዛል። ሕጉ በሰንበት ትምህርት ቤታችንና በአብነት ጉባኤያችን ሥራ ላይ እንዲውል የማድረግ ኃላፊነት ግን የእኛ ነው።

የንስሐ አባት የመጀመሪያውን ቃል ቢናገር ከሁሉም ይበልጣል። የእናቲቱ ንስሐ አባት ጠርተዋቸው «ልጄ፣ እሱም አልበደለም፤ አንቺም አልበደልሽም» ባሏቸው ቀን እናቲቱ ከብዙ ወራት በኋላ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ነግረውናል።

የሰበካ ጉባኤው ደግሞ ቤተ ሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድና ከዚያም ወደ ሕፃናት የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም እንዲላክ ሊረዳ ይችላል። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳና የአማኑኤል ሆስፒታሎች ሪፈር ከሚጻፍባቸው ይገኙበታል። ቱሬት በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም፤ ሐኪሙ የሚወስነው በታሪኩና ባየው ነው። ልጁ በሐኪም ፊት ሊያፍነው ስለሚችል ወላጆች ቲኩን በስልክ ቀርጸው ቢወስዱ ይጠቅማል። መድኃኒት ለሁሉም አያስፈልግም፤ የሚታሰበው ቲኩ ልጁን ሲያሳምመው ወይም ከትምህርቱ ሲያግደው ነው። ግፊቱ ሲመጣ በምትኩ ሌላ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የሚያለማምድ የምክር ሕክምናም አለ።

መምህራንም ልጁ ሲከብደው ሳያስፈቅድ ወጥቶ የሚመለስበትን ምልክት ከእሱ ጋር ይስማሙ። በፈተና ጊዜ ለብቻው እንዲቀመጥና ተጨማሪ ደቂቃ እንዲያገኝ ያድርጉ። በበሩ አጠገብ ማስቀመጥ ግን እንደ ቅጣት ይታያል፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ራሱ ይምረጥ። ልጁ የሚወደውን ሥራ ይስጡት፤ ሐሳቡ በአንድ ሥራ ሲጠመድ ቲኩ ብዙ ጊዜ ይረግባልና።

ያ ልጅ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ከበሮ ይመታል። በመዝሙሩ መካከል ዓይኑም ትከሻውም ብዙውን ጊዜ ያርፋሉ። መዝሙሩ ሲያበቃ ድምፁ ይመለሳል፤ አጠገቡ ያሉት ልጆች ግን ቀጣዩን መዝሙር ለመምረጥ ይከራከራሉ እንጂ ዞረው አያዩትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።