ሰሙ ወጥቶ ነሐሱ ሲገባ

ሸዋ በር ከሐረር ጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። አንድ ጠዋት ገበያው ሳይደምቅ እዚያ ቆሜ ሳለ ቄስ አለፉ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። ቄሱም ከጋቢያቸው ሥር የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሯን፣ ቀጥሎም ከንፈሯን አስነኳት። መሳለም ይህን ያህል አጭር ነው። የመስቀሉ ሥራ ግን ረጅም ነው።

«ሰምና ወርቅ» ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ቅኔ ነው። ቃሉ ግን መጀመሪያ የአንጥረኛ ነበር። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ቀዳዳ ይተውለታል። ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ በዚያው ይወጣና ውስጡ ባዶ ይቀራል። መዳብ ብቻውን ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ሲቀላቀልበት ነሐስ ይሆናል፣ ባነሰ ሙቀትም ይቀልጣል። ወናፉ እየነፋ የቀለጠው ነሐስ ሰሙ በለቀቀው ቦታ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ከዚያ ሞረድ፣ ከሞረድ በኋላ መሮ። በእርግጥ ከመዳብ ጠፍጣፋ ላይ ተቆርጠው የተሠሩ መስቀሎችም አሉ፤ እኔን የሚማርከኝ ግን ይህ የፈሰሰው ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ለእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ ደነገጉ። ከዚያ ክፍለ ዘመንና ከተከታዩ በተረፉ በርካታ፣ በዘንግ በሚያዙ የመጾር መስቀሎች ላይም ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ ይዘው በግራ ቀኟ ቆመው እናያታለን። ምስሉ ከነሐሱ ላይ አብጦ የወጣ ሳይሆን በመሮ የተጫረ ቀጭን መስመር ነው፤ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ነው ደምቆ የሚታየው።

በዚሁ ንጉሥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1456፣ የፍሎረንሱ ቀራጺ ዶናቴሎ ላከመው ሐኪም ለጆቫኒ ኬሊኒ አንድ ክብ ነሐስ ሰጠው። ስፋቱ 28.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የእንጀራ ግማሽ ቢሆን ነው። ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ መላእክት ከበዋት፣ እዚህኛው ላይ ግን ምስሉ ጎላ ብሎ ወጥቷል። ጀርባው ደግሞ ያንኑ ምስል ገልብጦ የያዘ ጎድጓዳ ነው፤ የቀለጠ ብርጭቆ ቢፈስበት ሌላ ቅጂ እንዲወጣ ታስቦ። ይህን ሐኪሙ ራሱ በማስታወሻው መዝግቦታል። ክቡ ነሐስ ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የአንጥረኛው ጭቃ ይታወሰኛል። የዶናቴሎ ነሐስ ለመደገም ተዘጋጀ፤ ሰሙ የቀለጠበት መስቀል ግን ቅርጹ ስለሚሰበር ትክክለኛ መንትያ የለውም። የሚያሳሳኝም ይህ ነው። ከንፈር ዘመን ሙሉ ሲሳለመው የመሮው መስመር እየሳሳ ይሄዳል፤ የቄሱ መስቀልም መሐሉ ከጠርዙ ይልቅ ለስልሶ ነበር። ሴትዮዋ ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ገበያዋ ሄደች።