የሕክምና ወጪን ማን ይከፍላል? የፎገራ አርሶ አደርና የጤና መድኑ

ወረታ ከተማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍባት መገናኛ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ሲወርዱ የሚያጠጡት፣ በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትበት ለም መሬት ነው። ሩዙን የሚያበቅለው ውኃ ግን ለወባ ትንኝም መራቢያ ይሆናል። የወባ ሕመም የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር በመሆኑ፣ አርሶ አደሩ የሚታመመው ጎተራው ባዶ በሆነበትና አዝመራው ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ነው።

የሕክምና ወጪ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት የካርድ፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት ክፍያን ነው። ለገጠር ቤተሰብ ግን ወጪው ከዚህ ይሰፋል። የመጓጓዣ፣ የአስታማሚ ስንቅና ማደሪያ፣ ሥራ የተፈታበት ቀን ሁሉ ይጨመርበታል። ጥሬ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ሩዙ ሳይታጨድ በርካሽ ይሸጣል፤ አራጣ ይወሰዳል፤ አለዚያም በሬው ገበያ ይወጣል። በሬውን ለሕክምና የሸጠ ቤተሰብ ሕመምተኛው ቢድንም ወጪውን በቀጣዩ የእርሻ ወቅት ዳግም ይከፍለዋል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ፣ የክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ያለክፍያ ይሰጣሉ። ይህ ማለት ግን ወጪ የላቸውም ማለት አይደለም፤ መንግሥት ከግብር፣ ለጋሾችም ከእርዳታ ይሸፍኑታል። በ1997 ዓ.ም በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የተከሰተው የካላዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ታስቦ ነበር። በሽታው ከታወቀ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ሕክምና ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ድጋፍ ግን ለሁልጊዜው የሚታመኑበት አይደለም።

በ2009 ዓ.ም የተካሄደው የአገሪቱ የጤና ወጪ ጥናት እንደሚያሳየው ከጠቅላላው የጤና ወጪ 31 በመቶ ገደማ የተሸፈነው ሰዎች በታመሙ ጊዜ ከኪሳቸው በከፈሉት ገንዘብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ድርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ካልሆነ ቤተሰቦች በሕክምና ሰበብ ለድህነት እንደሚጋለጡ ያስገነዝባል።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተጀመረው ይህን ሸክም ለማቅለል ነው። በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ሙከራው ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር። ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። አሠራሩ ከእድርና ከደቦ የራቀ አይደለም። አባወራና እማወራ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የታመመው ከጋራው ቋት ይታከማል። መክፈል ለማይችሉ የድሃ ድሃ ቤተሰቦች ክልሉና ወረዳው መዋጮውን ይሸፍናሉ። በሙከራ ወረዳዎቹ የተደረገ ጥናት አባል የሆኑ ቤተሰቦች ለብድር የመዳረጋቸው ዕድል መቀነሱን አሳይቷል።

ይሁንና መድኑ የሚፈተነው በጤና ጣቢያው የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ነው። መዋጮውን ከፍሎ፣ ተራ ጠብቆ፣ ተመርምሮ “መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዙ” የተባለ አባል ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ ለመድኑ፣ አንድ ጊዜ ለግል ፋርማሲው። አገሪቱ አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ የምታስገባ በመሆኗም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ሲጨምር የመድኃኒት ዋጋ አብሮ ይጨምራል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ቀድሞ በተተመነ መዋጮ የሚገዛው መድኃኒት መጠን ያንሳል።

ጤና ተቋማት ከአገልግሎት የሚሰበስቡትን ገቢ መልሰው መድኃኒት እንዲገዙበት ተፈቅዶላቸዋል። መድኑ ለተቋሙ መክፈል ያለበት ሒሳብ ሲዘገይ ግን ተቋሙ መግዣ ያጣል፤ መደርደሪያው ይራቆታል፤ አባሉም በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ማደስ ይተዋል። “ዘንድሮ አልታመምኩም” ብሎ ጤነኛው ሲወጣ በቋቱ የሚቀሩት በብዛት ሕመምተኞች ይሆናሉ። ያኔ ወጪው ይበዛል፣ መዋጮው ያንሳል፣ ዕዳውም ይቆለላል። ለእድር የሚያዋጣ ሰው ሐዘን አልደረሰብኝም ብሎ ገንዘቤ ይመለስልኝ እንደማይል ሁሉ፣ ሳይታመም ዓመቱን የጨረሰ አባልም ገንዘቡ አልባከነም፤ ጎረቤቱ በሬውን እንዳይሸጥ አድርጓል።

ስለዚህ በወረዳ ደረጃ የሚጠበቀው ሥራ የአባላትን ቁጥር በሪፖርት ከማሳየት ያለፈ ነው። የጤና ተቋማት ሒሳብ በወቅቱ መመርመርና መከፈል አለበት። የድሃ ድሃ ቤተሰቦች ልየታም በቀበሌው ሕዝብ ፊት በግልጽ መካሄድና ለእነሱ የሚመደበው በጀት በጊዜው ወደ ቋቱ መግባት ይኖርበታል። በጤና ጣቢያ የጠፋው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ፣ ለምን እንደጠፋና መቼ እንደሚገባ ለአባላቱ ሊነገራቸው ይገባል።

ከአርሶ አደሩም የሚጠበቅ አለ። ሩዙ ተወቅቶ ገንዘብ እጅ ላይ ባለበት ጊዜ ደብተርን ማደስ፣ ሲታመሙም ሳይዘገዩ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አስፈላጊ ከሆነ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ማለፍ ያስፈልጋል። ደረጃውን ሳይጠብቅ በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ሙሉ ሽፋን አያገኝምና።

የሕክምና ወጪ ከፋይ አያጣም። በጋራ ካልተከፈለ አንዱ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ይከፍለዋል።