የአጥንት ከሰል ፍሎራይድን ከውሃ የሚያስወግደው እንዴት ነው?

በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ በርካታ ጉድጓዶች የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ውሃ ለረጅም ጊዜ መጠጣት የሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል፤ እየቆየም አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል። ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል።

ለማጣሪያነት ከሚያገለግሉት ቁሶች አንዱ፣ የእንስሳት አጥንት አየር በተገደበበት ምድጃ ተቃጥሎ የሚዘጋጀው የአጥንት ከሰል ነው። የአሠራሩ ምስጢር በቁሱ ውስጣዊ አወቃቀር ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1912 ማክስ ፎን ላወና ባልደረቦቹ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበተን ካሳዩ ወዲህ፣ ተመራማሪዎች የአተሞችን አደራደር ከጨረሩ አበታተን ለማወቅ ችለዋል። የአጥንት ዋና ማዕድን ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል። በውስጡ በካልሲየም የተከበቡ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሲኖሩ፣ በእነርሱም ውስጥ ሃይድሮክሳይድ ተሰልፎ ይገኛል። ፍሎራይድ በመጠንም በኤሌክትሪክ ሙልም ከሃይድሮክሳይድ ጋር ስለሚቀራረብ ቦታውን ይወስዳል። በሰው አጥንት ውስጥ የሚከማቸውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ጉዳቱም መፍትሔውም ከአንድ ማዕድን ይመነጫሉ ማለት ይቻላል።

ሆኖም ፍሎራይድ የሚይዙት ቦታዎች ውሱን ናቸው። ቦታዎቹ ሲሞሉ ማጣሪያው ውሃውን እንደ ወትሮው ያሳልፋል፤ ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ተጠቃሚው ለውጡን አይረዳም። አጥንትን በቤት ውስጥ አቃጥሎ መጠቀምም አይመከርም፤ ሙቀቱ ካነሰ ውሃው መጥፎ ሽታ ይይዛል፣ ከበዛ ደግሞ ከሰሉ ፍሎራይድን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በመሆኑም የማጣሪያ ተጠቃሚዎች የተጣራውን ውሃ በየጊዜው በቤተ ሙከራ እንዲያስመረምሩና ከሰሉን በወቅቱ እንዲያስቀይሩ ይመከራል።