አቧራቸውን የምናራግፍላቸው አውሬዎች

ይህ ባለፈው ዓርብ የተናገርሁት ነው። ነካሳ ያላችሁትም፣ ጅዳ ሆናችሁ ከቤት መውጣት ያልተፈቀደላችሁም እንድታነቡት በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ስትጨርሱ ለሌላዋ አሳልፉ።

የማነሣው በየቤቱ ስለምንወለውላቸው ቅርጾች ነው። በአንዱ ቤት ደጃፍ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። በሌላው ሳሎን ክንፍ ያለው ፈረስ ቆሟል። ማዳም ከግብፅ ያመጣችው ጥቁር ድመት፣ የሰው ራስ ያለው አንበሳ፣ የውሻ ራስ ያለው ሰው በመደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። በትራሱና በሳህኑ ላይ ደግሞ ጸጉሯ የተጠማዘዘ፣ ዓይኗን አፍጥጣ የምታይ ሴት አለች። ብዙዎቻችን «ይህ ነገር ጋኔን ነው» እንላለን። ማታ ብቻችንን ስንሆን ፍርሃቱ ይብሳል።

በፍርሃት ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። አንዲት የማውቃት እህት በሳሎኑ ቅርጽ ፊት ማለፍ ስለፈራች ማታ ማታ በጨርቅ ትሸፍነው ጀመር። ከሥሩም ጸሎት የጻፈችበትን ወረቀት አጣጥፋ አስቀመጠች። ማዳሟ ወረቀቱን አገኘችው። በማታውቀው ፊደል የተጻፈ፣ የተጣጠፈ ወረቀት በቤቷ ዕቃ ሥር ስታይ «ሲህር ተሠራብን» ብላ ጮኸች። ይህ ቃል በዚህ አገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲህር በሕግ ያስጠይቃል፤ የታሰረበት ብዙ ነው፤ ሞት የተፈረደበትም አለ። እህታችን ወደ አገሯ በመላክ ተረፈች፤ የሦስት ወር ደመወዟ ግን እዚያው ቀረ።

ስለዚህ የምንፈራው ነገር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅመናል።

የጥንት ሰዎች አውሬ የሚቀርጹት በሦስት ምክንያት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

አንደኛው ለጥበቃ ነው። በግብፅ ጊዛ ያለውን ስፊንክስ በቴሌቪዥን አይታችሁታል። አካሉ የአንበሳ፣ ራሱ የንጉሥ ነው። ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ሲሆን ርዝመቱ 73 ሜትር፣ ከፍታው 20 ሜትር ያህል ነው። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ይሆናል። የንጉሥ አእምሮና የአንበሳ ጉልበት በአንድ ላይ ሆኖ መቃብሩን ይጠብቅ ብለው የሠሩት ነው። በደጃፍ ላይ ሁለት አንበሳ የማቆሙ ልማድም በብዙ አገሮች ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። የእናንተ ቤት በር ላይ ያሉትም የዚያ ልማድ ልጆች ናቸው፤ ዘበኛ ማለት ናቸው።

ሁለተኛው ለአምልኮ ነው፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። የውሻ ራስ ያለው ሰው አኑቢስ ይባላል። ቀበሮ በመቃብር አካባቢ እየዞረ ሬሳ ይቆፍር ነበር። ግብፆች ይህን ስላዩ «የሚያጠፋውን ጠባቂ እናድርገው» እንደማለት የሙታን ጠባቂ አደረጉት። ድመቷ ባስቴት ናት፤ አይጥና እባብ የምትይዝ የቤት ባለውለታ ስለሆነች አከበሯት። የአንበሳ ራስ ያላት ሴት ደግሞ ሴክሜት ናት፤ የጦርነትና የበሽታ አምላክ ነበረች። ይህ ሃይማኖት ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በመደርደሪያው ላይ ያለችው ድመት ካይሮ ገበያ ለቱሪስት የምትሸጥ የጉዞ ማስታወሻ ናት፤ የሚሰግድላት የለም።

ሦስተኛው ተረትን ለመንገር ነው። በዚህ ግሪኮችን የሚያክል አልነበረም። ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከታች ፈረስ የሆነው ኬንታውር ይባላል፤ አቴና ከተማ ባለው ፓርቴኖን በሚባለው ቤተ መቅደስ ላይ ከሰዎች ጋር ሲታገል ተቀርጿል። ስፊንክስንም ከግብፅ ወስደው ሴት አደረጓት፣ ክንፍም ጨመሩላት። በተረታቸው መንገደኛውን አቁማ እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፦ ጠዋት በአራት፣ ቀትር ላይ በሁለት፣ ማታ በሦስት እግር የሚሄድ ምንድን ነው? መልሱ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ይድሃል፣ ሲያድግ ቆሞ ይሄዳል፣ ሲያረጅ ምርኩዝ ይይዛል። እኛ «ምን አውቅልህ» ብለን ላላወቀ አገር ስጡኝ እንላለን፤ እሷ ግን ያላወቀውን ትበላው ነበር።

በትራሱ ላይ ያለችው ሴት ሜዱሳ ናት። ጸጉሯ እባብ ነው፤ ፊቷን ያየ ድንጋይ ይሆናል ይሉ ነበር። ፔርሴዎስ የሚባል ጀግና አንገቷን ሲቆርጠው ክንፍ ያለው ፈረስ ፔጋሰስ ከእሷ ወጣ ይላል ተረቱ። ስለዚህ የትራሷ ሴትና የሳሎኑ ፈረስ እናትና ልጅ ናቸው ማለት ነው። ግሪኮች ፊቷን በጋሻና በቤተ መቅደስ ግንባር ላይ የሚቀርጹት ክፉ ዓይንን እንድታስፈራ ነበር። ዛሬ የቬርሳቼ የልብስና የዕቃ ድርጅት ምልክት ሆናለች። ዋጋው ውድ ስለሆነ ማዳም ታሳየዋለች እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሮማውያን ከግሪኮች ብዙ ቀድተዋል። የራሳቸው የሚሉት ተኩላዋንና ንስሩን ነው። ከተማቸውን የመሠረቱት መንትዮች የተኩላ ጡት ጠብተው አደጉ ይላሉ። የጦር ሠራዊታቸውም የንስር ምስል በእንጨት ጫፍ ላይ ተሸክሞ ይዘምት ነበር።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኛም ዘንድ አለ። የሐ ካለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የቀሩ የዋልያ ራሶች በድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ከአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በሚባል ቦታ የተገኘው ዋልያ የተቀረጸበት የድንጋይ ዙፋን በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በአክሱም የዝናብ ውኃ በአንበሳ አፍ የሚወርድባቸው የድንጋይ አሸንዳዎች ተገኝተዋል፤ ግሪኮችም በቤተ መቅደሶቻቸው ጣሪያ ላይ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከአክሱም በስተ ምዕራብ ጎበድራ ላይ ደግሞ ሦስት ሜትር ያህል የምትረዝም እንስት አንበሳ በቋጥኝ ላይ ተቀርጻለች። የአገሩ ሰው ቅዱስ ሚካኤል ሲያሸንፋት በድንጋዩ ላይ የቀረ ምልክቷ ነው ይላል። በደብረ ዳሞም ጣሪያ እንጨት ላይ ብዙ ዓይነት እንስሳት ተቀርጸዋል፤ ሴት ስለማይወጣበት ግን እኛ በሥዕል ብቻ እናያቸዋለን።

በቤተ ክርስቲያናችን ያለውን የአርባዕቱ እንስሳ ሥዕልስ አስቡት። የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ፊት ያላቸው፣ ክንፍ ያላቸው ናቸው። እኛ ትርጉሙን ስለምናውቅ አንፈራም። ትርጉሙን የማታውቅ ማዳም ብታየው እኛ የእሷን እንደፈራን ትፈራው ነበር።

በዚሁ አገርም ቢሆን አለ። ከመዲና በስተ ሰሜን አል ዑላ አካባቢ ከገደሉ ላይ የተቀረጹ አንበሶች መቃብር ይጠብቃሉ። እዚያው አጠገብ በመዳኢን ሳሊህ፣ ናባጢያን የሚባሉ ሕዝቦች ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት በፈለፈሏቸው መቃብሮች በር ላይ ንስሮችና ክንፋም አውሬዎች አሉ። እባብ የከበበው ሜዱሳን የመሰለ ፊትም አለ። ቦታው በ2008 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንድ የእኛ አንበሳም እንደ እኛ ተሰዶ ነበር። አዲስ አበባ ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ የቆመው በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ነቅሎ ሮም ወሰደው። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ አየው። እንደሚተረከው ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ከዚያ በኋላ እዚያው ኢጣሊያ ታስሮ ሞተ። አንበሳው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለሮም መንገደኛ የነሐስ ዕቃ ነበር፤ ለዘርዓይ ግን አገሩ ነበር። ድንጋዩም ነሐሱም ትርጉም የሚያገኘው ከሰው ነው።

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ።

ቅርጹን አትሸፍኑት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አታዙሩት። ከሥሩ ወረቀት፣ ክር፣ ጸበል፣ እምነት ምንም አታኑሩ። ጸሎት በልብ ይጸለያል፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የማያገኘው ቦታም ልብ ብቻ ነው።

ዕብነ በረድ የሆነውን በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በክሎረክስ አታጽዱ፤ ድንጋዩን ይበላዋል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ይበቃዋል። የወርቅ ቅብ ያለውን በኃይል አትፈትጉ።

ስታነሡት በክንፉ ወይም በአንገቱ አትያዙ። ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። በሁለት እጅ ከታች ያዙት።

አዲስ ቤት ስትገቡ የተሰነጠቀ ካለ በመጀመሪያው ቀን ለማዳም አሳዩ። በእጃችሁ ከተሰበረም ስብርባሪውን ሰብስባችሁ ራሳችሁ ንገሩ። የተደበቀ ስብርባሪ በኋላ ሲገኝ ከስብራት ወደ ስርቆት፣ ከስርቆት ወደ ሲህር ይለወጣል።

ልጆቹ ቢጠይቋችሁ ተረቱን ንገሯቸው። የስፊንክስን እንቆቅልሽ በአረብኛ ሞክሩት፤ ይወዱታል።

በየቤታችሁ ምንነቱን ያላወቃችሁት ቅርጽ ካለ መልኩን በቃል ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶ አታንሡ፣ የሰው ቤት ነው። በሚመጣው ዓርብ አብረን እናየዋለን። ሰላም ያገናኘን።